ቧንቧው ውስጥ የቀረው ሁለት ሊትር

ዛሬ በስፕሬይ ጣሳ ፍሊት ሲሞላ የዋለ የማምረቻ መስመር ነገ የክፍል ሽቶ ሊሞላ ነው እንበል። አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ለማጠቢያ ስንት ውሃ ይበቃናል?» ብሎ ነው። የሚሻለው ጥያቄ «ባዶ ነው ካልን በኋላ ውስጡ ስንት ቀረ?» የሚለው ነው። የውስጥ ስፋቱ 25 ሚሊሜትር የሆነ ቧንቧ በአንድ ሜትር ግማሽ ሊትር ገደማ ይይዛል። ከማደባለቂያው ታንከር እስከ መሙያው ፒስተን አራት ሜትር ካለ፣ ታንከሩ ደርቆ እንኳ 2 ሊትር ፍሊት ቧንቧው ውስጥ ተኝቷል። ፓምፑና የማጣሪያው ቤት የያዙት ገና አልተቆጠረም።

ያ 2 ሊትር በሊትር 3 ግራም ፐርሜትሪን ቢኖረው 6 ግራም መርዝ ነው። ሳይታጠብ 300 ሊትር የሽቶ ድብልቅ ቢገባበት በእያንዳንዱ ሊትር 20 ሚሊግራም ይደርሰዋል። አሁን 60 ሊትር ማለቅለቂያ አለን እንበል። ሁሉንም አንድ ጊዜ ለቅቀን ብናፈስ፣ ከ6 ግራሙ ውስጥ 31ኛ እጁ፣ ማለትም 0.19 ግራም ይቀራል። ያንኑ 60 ሊትር ሦስት ቦታ ከፍለን፣ በየመሀሉ እስከ ጥግ እያንጠፈጠፍን 20፣ 20፣ 20 ብናደርገው ግን የሚቀረው 1,331ኛ እጅ ነው፤ ግማሽ መቶኛ ግራም እንኳ አይሞላም። ፈሳሹ ያው ነው፣ ውጤቱ ከአርባ እጥፍ በላይ ይለያያል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ሮቶው ማክሰኞ ሞልቶ ዓርብ በሚነጥፍበት መሀል አዲስ አበባ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሒሳቡ የሚሠራው ግን በየዙሩ በትክክል ከተንጠፈጠፈ ነው። ቧንቧው ሆድ ሠርቶ በየጊዜው 4 ሊትር የሚያስቀር ከሆነ፣ ሦስቱ ዙር ቅሪቱን ወደ 1,331ኛ ሳይሆን ወደ 216ኛ ብቻ ነው የሚያወርዱት፤ ያውም ሲጀመር የቀረው እጥፍ ሆኖ። ስለዚህ ብር ያለው ሰው ውድ ሳሙና ከመግዛቱ በፊት ቧንቧውን ወደ ማፍሰሻው ያዘንብለው፤ በሜትር አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት ይበቃል። ከዝቅተኛው ቦታ ላይ የማፍሰሻ ቫልቭ ይግባ። ለግፊት መለኪያ ወይም «ወደፊት ይጠቅማል» ተብለው የተበየዱ የተዘጉ ቅርንጫፎችም ይቆረጡ። ቅርንጫፉ ከስፋቱ ሁለት እጥፍ በላይ ከረዘመ ዋናው ፍሰት ውስጡን አይነካውም። ፍሊቱ እዚያ ተደብቆ ቆይቶ ሽቶው መሞላት ሲጀምር ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጋዙ። አንድ የአጠራር ጣጣ አለ፦ አዲስ አበባ ውስጥ «ጋዝ» ሲባል ነጭ ጋዝም ነው፣ ቡታጋዝም ነው። ፍሊት በሚመረትበት ቤት ሁለቱም አሉ፤ ነጭ ጋዙ ማሟሚያ፣ ቡታጋዙ ምርቱን ከጣሳው የሚገፋ። «ጋዙን ልቀቀው» የሚል ትእዛዝ ሁለት ትርጉም ይኖረዋል፣ አንደኛው ደግሞ ቤት ያቃጥላል። በወረቀትም በቃልም ሙሉ ስማቸው ይጠራ።

ቡታጋዙ ውጭ ካለው ዋና ቫልቭ ይዘጋል፣ ቁልፍ ይደረግበታል፣ ቁልፉ እጥበቱን በሚመራው ሰው ኪስ ይገባል። የኮምፕሬሰሩ አየርም ይዘጋል፣ መስመሩ ውስጥ የታመቀውም ይተነፍሳል፤ የመሙያውና የክሪምፑ (ቫልቩን ጣሳው አፍ ላይ የሚቆልፈው ማሽን) ፒስተኖች በአየር ስለሚሠሩ መብራት ቢጠፋም ጣት መቁረጥ ይችላሉ። በመስመሩ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ቡታጋዝ ከጣሪያ በላይ በወጣ መተንፈሻ ይወጣል እንጂ ክፍል ውስጥ አይለቀቅም። አንድ ሊትር ፈሳሽ ቡታጋዝ በባሕር ወለል ላይ 250 ሊትር ገደማ ይተናል፤ አየሩ በሳሳበት አዲስ አበባ ከ300 ሊትር ያልፋል። ከአየር ጋር 2 በመቶ ገደማ ሲሆን መቀጣጠል ስለሚጀምር፣ አንድ ሊትሩ 15 ሜትር ኩብ የሚሆን ክፍል ለፍንዳታ ያዘጋጃል። ከአየር ስለሚከብድም ወለል ላይ እየተሳበ ወደ ዝቅታው ይሄዳል፤ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ፣ ወደ ደረጃ ሥር፣ ወደ ጎረቤት ግቢ። ቤት ከቤት ጋር በተደገፈበት መሀል ከተማ ጋዝ መሙላት ራሱ መታሰብ የለበትም የሚሉ አሉ፤ ድብልቁን እዚህ አዘጋጅቶ ሙሌቱን ከከተማው ዳር ማሠራት የተሻለ መሆኑ አያከራክርም።

መስመሩን በናይትሮጅን ማጥራት እንደ ማለቅለቁ ያለ ሒሳብ አለው። ዝም ብሎ ናይትሮጅን ማሳለፍ የተዘጉ ጥጎችን አይደርስም። ጌጁ 3 ባር እስኪያሳይ ሞልቶ መልቀቅ፣ እንደገና ሞልቶ መልቀቅ ግን ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 0.77 ባር ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ ዙር የጋዙ መጠን ወደ አምስተኛው ገደማ ይወርዳል። ከሦስት ዙር በኋላ 0.85 በመቶ፣ ከአራት በኋላ 0.17 በመቶ ይቀራል። መድረሻችን የመቀጣጠያው ልክ አምስተኛ፣ ማለትም 0.4 በመቶ ነው ካልን አራት ዙር ያስፈልጋል፤ ሦስቱ አይበቃም። በባሕር ወለል ላይ አንዱ ዙር የሚያወርደው ወደ አራተኛው ብቻ ነው፤ ከፍታችን ለአንዴ እንኳ ጠቀመን።

ሲለካ የሚሠራ ስሕተት አለ፣ አደገኛ ነው። ብዙዎቹ በእጅ የሚያዙ የጋዝ መለኪያዎች ጋዙን በትንሹ በውስጣቸው እያቃጠሉ ነው የሚለኩት፤ ለማቃጠል ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ናይትሮጅን በሞላው ቧንቧ ውስጥ ሲገቡ ጋዝ ቢኖርም ዜሮ ሊያሳዩ ይችላሉ። ለዚህ ሥራ በኢንፍራሬድ የሚለካው ይሻላል፤ እሱም የሚቆጥረው በቦታው ያለውን የጋዝ ብዛት ስለሆነ በባሕር ወለል ተስተካክሎ ከመጣ እዚህ ሩብ ያህል አሳንሶ ያነባል። ማስተካከያው እዚሁ በሚሠራበት ከፍታ ይደረግ። ሲሊኮን ያለው የመኪና ዳሽቦርድ ማስወልወያ የሚሞላ ቤት ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ የሲሊኮን ትነት የሚያቃጥለውን ዓይነት መለኪያ ቀስ በቀስ ያደነዝዘዋል። መብራቱ ይበራል፣ ድምፁ ይጮኻል፣ ጋዝ ግን አያይም። በየሳምንቱ በሚታወቅ የሙከራ ጋዝ መፈተን ግዴታ ነው።

የቡታጋዙ መስመር በውሃ አይታጠብም። ማጣሪያው ይወጣል፣ ከጋዙ የተረፈው ቅባት መሰል ዝቃጭ ይጠረጋል፣ የመሙያው አናት ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያው) ይታያል፣ ይዘጋል። ውሃ ከገባ ለወራት አይወጣም።

ወደ ምርቱ መስመር እንመለስ። የመጀመሪያው ማለቅለቂያ ምርቱ ራሱ የተሠራበት ማሟሚያ መሆን አለበት። ነጭ ጋዝ ላይ የተሠራ ፍሊት በነጭ ጋዝ፣ አልኮል ላይ የተሠራ ሽቶ በአልኮል፣ ውሃ ላይ የተሠራ በውሃ። ፐርሜትሪን በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሟሟም። አብሮት የሚገባው ፓይፔሮኒል ቡቶክሳይድም ቅባት ነው፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ቀጥታ በውሃ ሲታጠብ ውሃው በስሱ ተለጥፎ በቀረው ቅባት ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል፤ ኩልል ብሎ ይወጣል፣ ናሙናው ላብራቶሪ ቢሄድ ያልፋል። ማግስቱን አልኮል ያለው ሽቶ ሲገባ ያን ሁሉ ቅባት አሟምቶ ይዞት ይወጣል። ንጹሕ ውሃ መውጣቱ ማስረጃ የሚሆነው ቆሻሻው በውሃ የሚሟሟ ሲሆን ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሄዳል። በስበት የሚወርደው ሁሉ ወደ ምርቱ ዕቃ ይመለሳል። ቀጥሎ 20 ሊትር ሽታው የወጣለት ነጭ ጋዝ ገብቶ አምስት ደቂቃ ይዞራል፣ ፒስተኑም በእጅ እየተነዳ አብሮ ይሠራል፤ ፒስተኑ ቆሞ ከዋለ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አይታጠብም። ይንጠፈጠፋል። ይህ የመጀመሪያው ዙር ብዙውን መርዝ ይዞ ስለሚወጣ አይጣልም፤ ክዳን ባለው የብረት በርሜል ተቀምጦ፣ የምርቱ ስም፣ የዙር ቁጥር፣ ቀንና ልክ ተጽፎበት፣ ለሚቀጥለው የፍሊት ድብልቅ ከነጭ ጋዙ ላይ ተተክቶ ይገባል። 20 ሊትር ታጥቦ 20 ሊትር ንጹሕ ነጭ ጋዝ ተቀነሰ ማለት ነው። ጽሑፍ የሌለበት በርሜል ግን ቆሻሻ ነው፤ «ትዝ ይለኛል» በሚል ሰው ቃል ወደ ድብልቅ አይመለስም። ሁለተኛና ሦስተኛው ዙር ከነጭ ጋዝ ወይም ከአልኮል ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሳሙና የሚመጣው።

ሳሙናው አረፋ የማያበዛ የኢንዱስትሪ ዓይነት፣ ከ1 እስከ 2 በመቶ፣ ማለትም ለ20 ሊትር ውሃ ከ200 እስከ 400 ግራም፣ በ60 ዲግሪ ነው። ሰሐን የሚታጠብበት ፈሳሽ ሳሙና በፓምፕ ሲዞር ታንከሩ በአረፋ ይሞላል፣ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ማለቅለቂያው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ውሃው ከ60 በላይ ቢሞቅ ይሻላል ብሎ ማሰብም አለ። እዚህ ከተማ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። በ80 ዲግሪ ፓምፑ በመሳቢያው በኩል የሚተርፈው ግፊት 3 ሜትር ውሃ ያህል ብቻ ነው፤ በባሕር ወለል ቢሆን ከ5 ሜትር ተኩል በላይ ነበር። ቱቦው ቀጭን ከሆነ ወይም ፓምፑ ከታንከሩ በላይ ከተቀመጠ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል መንኳኳት ይጀምራል፤ የሚሰማው ውሃው እዚያው እየፈላ አረፋው ሲፈነዳ ነው። ፓምፑ ይጎዳል፣ ፍሰቱም ይቀንሳል።

ፍሰት ስንል፣ ሳሙናው ግድግዳውን እንዲፈትግ በሴኮንድ 1.5 ሜትር መሄድ አለበት። ለ25 ሚሊሜትር ቧንቧ ይህ በደቂቃ 44 ሊትር ነው። መለኪያ የሌለው ሰው 20 ሊትር ባልዲ ይያዝ፤ በ27 ሴኮንድ መሙላት አለበት። አርባ ሴኮንድ ከፈጀበት ፓምፑ ለእጥበት አይበቃም፤ ቧንቧው ተፈትቶ በብሩሽ ይታጠብ። ለነጭ ጋዝ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ቀስ ብሎ፣ ቢያንስ የመግቢያው አፍ እስኪሰጥም ድረስ ከሴኮንድ አንድ ሜትር በታች። ነጭ ጋዝ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ በፍጥነት ሲሮጥ የስታቲክ ቻርጅ ያጠራቅማል። በበጋው ወራት፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ አየሩ ሲደርቅ ጉዳዩ ይብሳል። ታንከሩም፣ በርሜሉም፣ ባልዲውም በኧርዝ ሽቦ ይያያዙ። ለውሃ የለመድነው ቢጫ ጀሪካን ለማሟሚያ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ቻርጁን ይዞ ይቀመጣል፣ ሽቦ ቢታሰርበትም አይለቅም። ነጭ ጋዝና ውሃ ተቀላቅለው በፓምፕ ሲዞሩ ቻርጁ ስለሚበረታ በማሟሚያውና በሳሙናው ዙር መካከል በደንብ ማንጠፍጠፉ ለዚህም ጭምር ነው።

«አዲስ አበባ ብርድ ናት፣ አልኮሉ አይነሣም» የሚል አነጋገር በየቦታው ይሰማል። ተቃራኒው ነው እውነቱ። የንጹሕ አልኮል የመቀጣጠያ ሙቀት (ትነቱ ፍንጣሪ ካገኘ የሚነድበት ዝቅተኛው ሙቀት) በመጽሐፍ 13 ዲግሪ ነው የሚባለው፤ ያ ግን በባሕር ወለል የተለካ ነው። የአየሩ ግፊት በአንድ ኪሎፓስካል ሲቀንስ ሩብ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። እኛ 24 ኪሎፓስካል ያህል ዝቅ ብለናልና 7 ዲግሪ ላይ ይደርሳል። ከብዙዎቹ ሌሊቶቻችን በታች ማለት ነው። በአልኮል ሲታጠብ ማራገቢያው ይሥራ፤ መብራት ሲጠፋ ማራገቢያውም ስለሚቆም ሥራው እዚያው ይቁም፣ ክዳኖች ይዘጉ፣ በሮች ይከፈቱ። በስልክ ባትሪ ብርሃን መቀጠል የለም።

በረኪናን በተመለከተ አጭር ቃል፦ አይገባም። ቤት ውስጥ ሁሉን የሚያነጻ ስለሚመስል በየፋብሪካው ጥግ አይጠፋም። ስቴይንለሱን በትናንሽ ጉድጓድ ይበላዋል፣ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ የክሎሪን ጋዝ ይለቃል፣ በቧንቧ የቀረው ክሎራይድ ደግሞ በኋላ የጣሳውን ቆርቆሮ ይበሳል። ኮስቲክ ሶዳም ለስቴይንለስ ይሆናል እንጂ አልሙኒየም አካል ባለበት አይነካም፤ አልሙኒየሙን እየበላ ሃይድሮጅን ያወጣል። የአንዳንድ ክሪምፕ ማሽኖች አካል አልሙኒየም ነው፤ ሳይታወቅ መንከር አይገባም።

አሁን ጎሚኒዎቹ። የእጥበት ግማሹ ራስ ምታት እዚህ ነው። ብረት ይታጠባል፣ ጎማ ይጠጣል። የሎሚ ሽቶ የጠጣ ኦሪንግ አምስት ጊዜ ቢታጠብ ከሳምንት በኋላም ሎሚ ይሸታል፤ ፍሊት የጠጣውም ፍሊት ይተፋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ለእያንዳንዱ የምርት ዓይነት የራሱ የጎሚኒ ስብስብ ይኑረው፣ በስሙ በተጻፈበት ከረጢት ይቀመጥ፣ ምርት ሲቀየር አብሮ ይቀየር። ለፍሊት የዋለ ጎሚኒ ለሰውነት ዲኦዶራንት ጨርሶ አይገባም።

የጎማው ዓይነትም ይለያያል። ኢፒዲኤም የሚባለው ሙቅ ውሃና ኮስቲክ ሶዳ ይችላል፣ በነጭ ጋዝና በቡታጋዝ ግን ያብጣል። ናይትራይል ነጭ ጋዝና ቡታጋዙን ይችላል። ቫይተን የፔትሮሊየም ማሟሚያ ሲችል ዳይሜቲል ኤተር በተባለው ገፊ ጋዝና በአሴቶን ያብጣል፣ ሙቅ ኮስቲክም አይስማማውም። ቴፍሎን ሁሉንም ይችላል፣ ግን ስለማይለጠጥ በየቦታው አይገባም። እጥበቱ ራሱ ጎሚኒውን ሊገድለው እንደሚችል አስተውሉ፤ ምርቱን የሚችለው ሳሙናውን ላይችል ይችላል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብተው «ኦሪንግ ስጠኝ» ሲሉ የሚመጣው ጥቁር ቀለበት ነው፤ ከምን እንደተሠራ አልተጻፈበትም፣ ሁሉም ጥቁር ነው። ስለዚህ ሁለት ተጨማሪ ይገዛ፤ አንዱ በሚዛንና በካሊፐር ተለክቶ ነጭ ጋዝ ውስጥ አድሮ ጠዋት እንደገና ይለካ። ስፋቱ በግልጽ ከጨመረ ኢፒዲኤም ወይም ሌላ ነጭ ጋዝ የማይችል ጎማ ነው፣ ፒስተኑ ውስጥ ቢገባ ያጣብቀዋል። ሌላው በ60 ዲግሪ የሳሙና ውሃ ይፈተን። ሁለቱንም ያለፈው ይገባል።

ፒስተኑ ሲፈታ ሲሊንደሩ ላይ ጭረት ካለ በጥፍር ይዳሰስ። ጥፍር የሚይዘው ጭረት ምርትም ይይዛል፣ ልኩንም ያዛባል። የብረት ሽቦ ብሩሽ የዚህ ሁሉ ጭረት ዋና ምክንያት ነው፤ ናይሎን ብሩሽ ይበቃል፤ ከአልኮል ዙር በኋላ ከሆነ ማራገቢያው እየሠራና ዕቃው ረጥቦ ይሁን። መጥረጊያው ጨርቅ ታጥቦ ቃጫው ያለቀለት አቡጀዴ ይሁን። አሮጌ ሹራብ ቃጫ ይጥላል፤ የጣሳው አናት ላይ ያለው ቀዳዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ስለሆነ አንድ ክር ይደፍነዋል። «ጣሳው ሙሉ ነው ግን አይነፋም» ተብሎ ከሱቅ የሚመለሰው ዕቃ ስንት ጊዜ የቫልቩ ጥፋት ተደርጎ ይቆጠራል፤ ጥፋቱ የጨርቁ ሆኖ ሳለ። በቧንቧ ጥርስ ላይ የተጠመጠመ የቴፍሎን ክርም ተቆርጦ እንዲሁ ያደርጋል።

ክሪምፑ ትንሽ ነው፣ ግን ችላ ከተባለ ብዙ ያፈስሳል። በመንጋጋዎቹ መሀል የደረቀ ምርትና የቫልቭ ጎማ ብናኝ ይጋገራል፤ መንጋጋው እኩል አይከፈትም፣ ጣሳው በአንድ በኩል ላልቶ ይዘጋል፣ ከሳምንት በኋላ ጋዙ ያልቃል። ይፈታ፣ በአልኮል ይጠረግ፣ መንጋጋዎቹ ቁጥራቸው ወደነበረበት ይመለስ፣ በስሱ ግሪስ ይቀባ፤ የበዛው ግሪስ ጣሳው ውስጥ ይገባልና። ከተገጠመ በኋላ አሥር ባዶ ጣሳ ተዘግቶ ይለካ፦ ለተለመደው አንድ ኢንች አፍ ስፋቱ 27.2 ሚሊሜትር፣ ጥልቀቱ 5.0 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው ልክ ከቫልቩ አምራች ወረቀት ይወሰዳል። አንዱን ጣሳ ሦስት ቦታ መለካት አሥሩን አንድ ቦታ ከመለካት ይበልጣል፤ አንዱ መንጋጋ መበላቱ የሚታየው እንዲያ ነው።

የውሃ ገንዳው ብዙ ጊዜ ከእጥበቱ ዝርዝር ይረሳል። የተሞላው ጣሳ ውስጡ ያለው 50 ዲግሪ የሚያመነጨው ግፊት ላይ እንዲደርስ በሙቅ ውሃ የሚፈተንበት ነው። በፍሊቱ ቀን ያፈሰሱት ጣሳዎች ፍሊታቸውን እዚያው ትተውታል፤ ማግስቱን የሽቶው ጣሳ በዚያው ውሃ ሲያልፍ ከንፈሩ ላይ ፍሊት ይዞ ይወጣል። መስመሩ ያለ እንከን ታጥቦ ምርቱ ፍሊት የሚሸትበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ውሃው ይቀየር፣ ላዩ ላይ የሰፈፈው ቅባት ቀድሞ በጨርቅ ይነሣ፤ ሳይነሣ ከተፈሰሰ ገንዳውን ሁሉ ይቀባዋል።

ውሃ ላይ የተሠሩ ምርቶች፣ እንደ መላጫ አረፋ ያሉ፣ ጣጣቸው ሌላ ነው። እዚህ መርዝ አይደለም የሚያስፈራው፣ ባክቴሪያ ነው። እርጥብ ሆኖ ያደረ ቧንቧ በውስጡ ዝልግልግ ያበቅላል፤ ያ ዝልግልግ መከላከያ ኬሚካሉን ሳይቀር የሚቋቋም ነው። መላጫ አረፋ ደግሞ ስቴሪክ አሲድ ስላለበት ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ እንደ ሞራ ይረጋል። ማታ በሞቀበት ቢታጠብ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ፣ ለጠዋት ከታደረ ግማሽ ቀን ይበላል። ከታጠበ በኋላ በ70 በመቶ አልኮል ተሞልቶ አሥር ደቂቃ ይቆያል፣ ይፈሳል፣ ይደርቃል። አልኮሉ 96 በመቶ ከሆነ የበለጠ ይገድላል ማለት አይደለም፤ ውሃ ሲኖረው ነው ወደ ባክቴሪያው የሚገባው።

ማድረቁ ላይ ስስት አያስፈልግም። ደረቅ በሆነ ነጭ ጋዝ ወይም አልኮል ምርት ውስጥ የገባ ጥቂት ውሃ የቆርቆሮ ጣሳውን ከውስጥ ይበሳዋል፣ ያውም ከወራት በኋላ፣ መጋዘን ውስጥ። በክረምት ቧንቧ በራሱ አይደርቅም። የመጨረሻው የውሃ ዙር ካለቀ በኋላ በአልኮል አንዴ ይታጠብ፣ ከዚያ በናይትሮጅን ይነፋ። በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ሁለት ክፋት አለው፦ ማሟሚያ ከቀረ የሚፈነዳ ድብልቅ ይሠራል፣ ማጣሪያ ከሌለው ደግሞ የኮምፕሬሰሩን ዘይትና ውሃ ይረጫል። ናይትሮጅኑም ከአደጋ ነጻ አይደለም፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ታንከር ውስጥ አንገት ያስገባን ሰው ሁለት ትንፋሽ ይበቃዋል። ኦክስጅኑ ከ19.5 በመቶ በላይ መሆኑ ሳይለካ ማንም ጎንበስ አይል።

መፈተሻው ሦስት ነው። ዓይን፣ በባትሪ ብርሃን፣ መጋጠሚያዎቹ ተፈትተው። አፍንጫ፣ ከፍሊቱ ሥራ ውጭ የዋለ ሰው፤ የለመደው አያሸትም፤ እሱም የሚያሸተው መስመሩ የተጠረገበትን ጨርቅ፣ አየር በሚናፈስበት ቦታ እንጂ ታንከሩን አይደለም። ሦስተኛው በአልኮል የረጠበ ነጭ አቡጀዴ ነው፤ 10 በ10 ሴንቲሜትር የሆነ ቦታ ወደ ጎንም ወደ ላይም ተጠርጎ ይታያል፣ ከፍሊት ወደ ሰውነት ምርት ሲታለፍ ደግሞ ላብራቶሪ ይላካል። ናሙናው ከሚያበራው ግድግዳ አይነሣ፤ ከቫልቩ ሥር፣ ከማጣሪያው ቤት ታች፣ ከጎሚኒው ጉድጓድ ይነሣ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው፦ ለስላሳው ሽታ ከከባዱ በፊት፣ ሲሊኮን የሌለው ካለው በፊት፣ ፍሊት ከሁሉ መጨረሻ። ስፕሬይ ቀለም ከሲሊኮን በኋላ ከተሞላ የተቀባው ላይ የዓሣ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ ያወጣል፤ ቢቻል ሁለቱ በአንድ መስመር አይገናኙ።

እጣቢው ወደ ጎዳና ቦይ አይደፋም። የመሀል ከተማው ቦይ ወደ ባንቲ ይከቱና ወደ ቀበና ይወርዳል፣ እነሱም ወደ አቃቂ፣ አቃቂ ወደ አዋሽ። ፐርሜትሪን በአንድ ሊትር ውሃ በጣም ጥቂት ማይክሮግራም ሲሆን እንኳ ለዓሣ ገዳይ ነው። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የተከለከለም ነው። ወደ ምርት የማይመለሰው ማሟሚያ በብረት በርሜል ተዘግቶ አደገኛ ቆሻሻ ለሚረከብ ይሰጣል፤ በማሟሚያ የራሰ ጨርቅም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ እንጂ በካርቶን አይጠራቀምም። እጣቢው ሦስት ዙር 20 ሊትር ብቻ መሆኑ እዚህም ይጠቅማል፤ ሁለት ሮቶ የተበከለ ውሃ ማን ይረከባል?

አዲሱ ምርት ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ምቶች ወደ ጣሳ አይገቡም። መስመሩ 2 ሊትር ይይዛል፣ አንዱ ምት 200 ሚሊሊትር ነው፤ አሥር ምት አንድ ሙሉ መስመር ያስወጣል። ሠላሳ ምት ወደ ባልዲ፣ ከዚያ ክብደቱ ተመዝኖ ልኩ ሲረጋ ወደ ጣሳ። ይህን በጣሳ አድርጎ፣ ቫልቭ ዘግቶ፣ ጋዝ ሞልቶ ከዚያ መጣል ሠላሳ ሊፈነዱ የሚችሉ ቆሻሻዎችን ማምረት ነው። ማሽኑ ላይ የሚንጠለጠለው ወረቀት «ታጥቧል» ብቻ አይበለው፤ የወጣው ምርት፣ የሚገባው ምርት፣ የገባው የጎሚኒ ስብስብ፣ ሰዓቱና የፈተሸው ሰው ፊርማ ይኑርበት። ውሃ ላይ ለተሠራ ምርት የታጠበ መስመር ሥራ ሳይጀመርበት ከአንድ ቀን በላይ ከቆመ ወረቀቱ ይነሣ፣ የ70 በመቶው አልኮል ዙር ይደገም።